ላንድክሩዘር 78፦ ኮርኒሱ ከወረደ አይቀር ለድምፁ ምን ይደረግ?

ናፍጣ_78

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዋ ላንድክሩዘር ኤችዜድጄ 78 ናት፤ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ፣ ጎማዋ 7.50 በ16፣ አናቷ ላይ የብረት ፖርቶመጋላ አላት። ኮርኒሷ የፋብሪካው አይደለም፤ ባለ ስፖንጅ ጨርቅ የተለበጠበት ስስ የፋይበር ሰሌዳ በሁለት ቁራጭ ገብቶላታል። ጨርቁ ከመሀል ለቆ እንደ ድንኳን ስለረገበ መውረዱ የግድ ነው።

ድምፁ ሦስት ዓይነት ነው። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ከበሮ ይሆናል፤ ጋቢና ያለው ከኋላ ካለው ጋር አይደማመጥም። አስፋልት ላይ ከ80 ስታልፍ ደረት ውስጥ የሚገባ ጉምጉምታ አለ። ከ70 ጀምሮ ደግሞ ከአናት በኩል ፉጨት።

ለቤት ጣሪያ የሚሆነው የሬንጅ ልጣፍ በርካሽ ይገኛል። እሱን ጣሪያው ላይ ሙሉ ለሙሉ ለጥፎ በላዩ የፍራሽ ስፖንጅ መጠቅጠቅ ያዋጣል? ክብደቱስ ምን ያህል ቢሆን ነው የማይበዛው?

ሞርሳ

ሁለቱንም ተዋቸው። ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና የጣሪያው ላሜራ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የቤት ሬንጅ በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ተገልብጦ ስለተለጠፈም በገዛ ክብደቱ እየተላጠ ኮርኒሱ ላይ ይተኛል። የፍራሽ ስፖንጅ ደግሞ ውኃ ይመጥጣል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ የሰው ትንፋሽ ላሜራው ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ስፖንጁ ያን ጠጥቶ ይዞት ይከርማል። ዝገቱን የምታውቀው ቀለሙ ከውጭ ማበጥ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ደግሞ ሥራው የታፒሴሪ መሆኑ ቀርቶ የላሜራ ሠራተኛ ሆኗል።

ከሦስቱ ድምፆች ኮርኒስ የሚያድነው የዝናቡን ብቻ ነው። ጉምጉምታውን ከጣሪያ አትፈልገው። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 3 ጊዜ ያቃጥላል፤ 2,400 ዙር ላይ ከሆነ በሰከንድ 120 ንዝረት ማለት ነው። የዚህ ድምፅ ሞገድ ወደ 2.9 ሜትር ይረዝማል። ስፖንጅ መሰል ነገር ድምፅን በደንብ የሚውጠው ውፍረቱ ወደ ሞገዱ ሩብ ሲጠጋ ስለሆነ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያስፈልግህ ነው። በ2 ሴንቲ ሜትር የምትይዘው ሹክሹክታውን፣ የነፋሱን «ሽሽሽ» እና የቃላት መደበላለቁን ነው። እሱም ቀላል አይደለም፤ ግን ጉምጉምታው ይቀራል።

መጀመሪያ ምንጩን ለይ። ቀጥ ባለና ጭር ባለ መንገድ በ90 እየሄድክ ፍሪሲዮን ረግጠህ ሞተሩን ወደ ሚኒሞ አውርደው (አታጥፋው፤ መሪውም ፍሬኑም ይከብዱሃል)። ድምፁ ወዲያው ከወረደ የሞተርና የካምቢዮ ነው። ካልወረደ ጎማ ወይም ነፋስ ነው። ከለስላሳ አስፋልት ወደ ሻካራ ስትገባ ከተለወጠ ደግሞ ጎማ ነው፤ ጥርሱ ወጣ ገባ ሆኖ ያለቀ ጎማን ምንም ልባስ አይሸፍነውም።

የሞተሩ ከሆነ አቧራው ራሱ ይመራሃል። ኮረኮንች ላይ ከነዳህ በኋላ ሳትጠርግ ሞኬቱን ግለጥና የአቧራውን ዱካ ተከተል፤ አቧራ የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ድምፅ ይገባበታል። በዚህች መኪና ብዙውን ጊዜ ዱካው የሚያደርስህ ከማርሽና ከፎርዊል ዘንጎች ሥር ነው። ዘንጎቹን ከላይ የሚሸፍነው ጎማ ደህና ሆኖ ከሥሩ ያለው ሁለተኛው የጎማ ሽፋን ተቀዶ ታገኘዋለህ። ቀጥሎ በሞተርና በጋቢና መካከል ባለው ግድግዳ ሽቦና ኬብል የሚያልፉባቸው የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ ተጨማሪ መብራት ወይም ሬዲዮ የገባላቸው መኪኖች ላይ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ የተተወ አይጠፋም። ይህን እንደ ትርፍ ሥራ አትቁጠረው። ከግድግዳው ስፋት 1 በመቶው ብቻ ክፍት ከሆነ የቀረውን በምንም ብትሸፍነው ከ20 ዴሲቤል በላይ አይከላከልልህም።

ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ ወለሉን እንዲህ ደርብ፦ ላሜራው ላይ ቡቲል (ንዝረት የሚገድል ተለጣፊ ሉህ)፣ ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር ውኃ የማይመጥ ፎም፣ ከዚያ በካሬ 5 ኪሎ የሚመዝን ከባድ ቪኒል፣ ከላይ ሞኬቱ። ቪኒሉ ሳይቆራረጥ ጠርዝ በጠርዝ ተደራርቦ ይለጠፍ። ፎሙን ዘለህ ቪኒሉን በቀጥታ ላሜራው ላይ ካስቀመጥከው አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ጨመርክ የምትለው ክብደት ብቻ ይሆናል። ማርሚታ በሚያልፍበት በኩል ሙቀት የሚችል ዓይነት ምረጥ።

ታፒሴሪ_በር

ሞርሳ የወለሉን ጨርሶታል፤ እኔ ጣሪያውን ልያዝ።

አወራረድ፦ የፀሐይ መከላከያዎቹ፣ የእጅ መያዣዎቹ፣ መብራቱ፣ የምሰሶ ሽፋኖቹ፣ የበር ጎማው ጠርዝ፤ ከዚያ ክሊፖቹ። ክሊፕ ይሰበራል፤ 15 ያህል ትርፍ ቀድመህ ያዝ። ሰሌዳውን ለሁለት ሆናችሁ በኋላ በር አውጡት። አንዴ ከታጠፈ መስመሩ በአዲሱ ጨርቅ ውስጥም ይታያል። (አዳዲስ ሞዴል ይዞ ለሚያነብ፦ በጎን መጋረጃ ኤርባግ ካለ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታና ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ፤ በከረጢቱ መንገድ ላይ ምንም አትለጥፍ።)

ጣሪያው ባዶ ሲሆን በጣትህ አንኳኳው። በተሻጋሪ ብረቶቹ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ «ቧ» ይላል፤ ብረቶቹ አጠገብ «ጥፕ» ይላል። ቡቲል የሚፈልገው «ቧ» የሚለው ቦታ ነው። ሙሉ ጣሪያውን መሸፈን የገንዘብ ብክነት ነው፤ ከእያንዳንዱ ሜዳ መሀል ላይ ከ30 እስከ 40 በመቶው ከተያዘ አብዛኛው ንዝረት ይሞታል። ጣሪያው 4 ካሬ ሜትር ነው እንበል፦ 2 ሚሊ ሜትር ባለ አሉሚኒየም ቡቲል በካሬ ወደ 3 ኪሎ ስለሚመዝን በዚህ መንገድ 5 ኪሎ አካባቢ ትጨምራለህ። ሙሉውን ብትሸፍን 12 ኪሎ ነው፤ ያውም ፖርቶመጋላ በተሸከመ አናት ላይ።

ቡቲል ተብሎ የሚሸጥ ሬንጅ አለ። ከጠርዙ ቆንጥረህ ሳበው፤ ቡቲል እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ሬንጅ ይበጠሳል፣ ጣትህንም አጥቁሮ ይሸታል።

ላሜራውን በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረገው። የቆየ የማስቲሽ ቅሪት ካለ ፍቀህ አውጣ፤ ዝገት ካለ አሸዋ ወረቀትና ፀረ ዝገት ቅድሚያ አላቸው። ጠዋት በብርድ አትለጥፍ፤ ሉሁን ፀሐይ ላይ አቆየው ወይም በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው። ከዚያ በትንሽ የብረት ሮለር የአሉሚኒየሙ ጉብታ ጠፍቶ እስኪለሰልስ ተጫነው። አየር የቀረበት ቦታ ወድቆ የምታገኘው በመጀመሪያው በጋ ነው። ስትጨርስ እንደገና አንኳኳ።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር ልጨምር። ተሻጋሪ ብረቶቹ ከጣሪያው ላሜራ የሚገናኙት ፋብሪካው ነጠብጣብ አድርጎ ባስቀመጠው ለስላሳ ሙጫ ነው። እሱ ሲደርቅ ይለቃል፤ ኮረኮንች ላይ ከአናት «ጢቅ ጢቅ» የሚለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ጠብ አድርግበት። እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ኤፖክሲ እንዳትነካ፤ ሲደርቅ ላሜራውን ስቦ ከውጭ በቀለሙ ላይ ጎድጓዳ ነጥብ ያወጣብሃል።

በቡቲሉ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ውኃ የማይመጥ ፎም፣ ይህ ግን መላውን ጣሪያ ይሸፍን። ለዝናቡም ለፀሐዩም ይረዳል፤ ክብደቱም አንድ ኪሎ ከምናምን ነው። የመብራቱን ሽቦ በጨርቅ ፕላስተር ጠቅልለህ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እሰረው፤ አለበለዚያ ሰሌዳው ላይ ሲያንኳኳ ትሰማዋለህ።

ጨርቁ የረገበው ሙጫው ስላረጀ ብቻ ሳይሆን ከጨርቁ ጀርባ ያለው ስስ ስፖንጅ ዱቄት ስለሆነም ነው። ስለዚህ አሮጌውን ጨርቅ መልሶ መለጠፍ አይሆንም። ሰሌዳውን በለስላሳ ብሩሽ ዱቄቱ እስኪያልቅ ጥረግ፤ በውኃ አትንካው። አዲሱ ጨርቅ 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ያለው ይሁን፤ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተው። ሙጫው ሙቀት የሚችል የሚረጭ ዓይነት መሆን አለበት፤ የጫማ ማስቲሽ በበጋ ይለቃል፣ ስፖንጁን አልፎም ጨርቁ ላይ ቢጫ እድፍ ያወጣል። ሰሌዳውንም ጨርቁንም ቀባ፣ ጣት ላይ እየተጣበቀ ክር እስከማይስብ ድረስ ጠብቅ፣ ጨርቁን ለሁለት አጥፈህ ከመሀል ወደ ዳር በመዳፍህ አስተኛው። አትወጥረው፤ የተወጠረ ጨርቅ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ተነስቶ እንደገና ድንኳን ይሆናል። ከመመለሱ በፊት አንድ ቀን ይደር።

ናፍጣ_78

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ሞርሳም አንተም። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ከሰሌዳው በላይ ያለው ክፍተት 10 ሚሊ ሜትር ፎም እንደሚያስገባ በምን አውቃለሁ? ከባዱን ቪኒል ጣሪያው ላይም ብጨምረውስ? ለውጡን ደግሞ በስልክ ዴሲቤል መለኪያ ልከታተለው አስቤያለሁ።

ታፒሴሪ_በር

በሊጥ ለካው። ጠንከር ያለ ሊጥ አድቦልብለህ በስስ ፌስታል ጠቅልል፤ ስምንት ዘጠኝ ቦታ ላይ በፕላስተር ጣሪያው ላይ ያዘው፤ ሰሌዳውን ወደ ቦታው ግፋና መልሰህ አውርድ። የተደፈጠጠው ውፍረት ክፍተትህ ነው። መሀል ላይ ሰፊ ሆኖ ጠርዝ ላይና ብረቶቹ ሥር ይጠብባል፤ እዚያ 5 ሚሊ ሜትር አድርገው። በኃይል ከጠቀጠቅከው ሰሌዳው ያብጣል፣ ክሊፕ አይዝም፣ በየጉድጓዱ ሲጢጥ ይላል።

ቪኒሉን ጣሪያ ላይ አታስበው። 4 ካሬ በ5 ኪሎ 20 ኪሎ ነው፤ ስስ የፋይበር ሰሌዳ አይሸከመውም።

ሞርሳ

ስለ ስልኩ፦ መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ «ኤ» ሚዛን ላይ ነው። «ኤ» ወፍራሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ነው የሚቆጥረው፤ 125 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 125 ንዝረት፣ የጉምጉምታው አካባቢ፣ 16 ዴሲቤል ይቀንሳል። ጉምጉምታው ቀንሶልህ ቁጥሩ ላይ ምንም ላታይ ትችላለህ። መተግበሪያው ካለው ወፍራሙን ብዙም በማይቀንሰው «ሲ» ሚዛን ላይ አድርገህም ለካ፤ ሁለቱንም ጻፍ። ቁጥሩ በራሱ ትክክል ነው ብለህ አትመን፤ ጥቅሙ ለማነጻጸር ነው። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ ያው ማርሽ፣ መስኮት ዝግ፣ ፋኑ ጠፍቶ፣ ስልኩም ያው ቦታ ላይ። 3 ዴሲቤል መቀነስ የድምፁን ኃይል በግማሽ ማውረድ ነው፤ ለጆሮ ግን ትንሽ ነው የሚመስለው፤ ግማሽ ሆኖ የሚሰማው 10 ገደማ ሲወርድ ነው።

ዳገት_70

ፉጨቱን ሁሉም ዘለለው። የቀለም ቀቢ ወረቀት ፕላስተር ያዝና አንድ በአንድ ሞክር፦ መጀመሪያ የፖርቶመጋላውን የፊት ዘንግ ተዘዋዋሪ ጠቅልል፣ ንዳ፤ ከዚያ የበሩን የላይ ጠርዝ አሽግ፣ ንዳ፤ ከዚያ የፊት መስታወቱን ዙሪያ። የጠፋበት ቦታ ነው ጥፋተኛው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካሸግክ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ትመለሳለህ።

ክብ ዘንግ ነፋስ ሲመታው ከኋላው አዙሪት እየተፈራረቀ ይላቀቃል፤ ፉጨቱ እሱ ነው። ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ በዘንጉ ላይ እንደ ሐረግ እየጠመዘዝክ ጫፍና ጫፉን ማሰር አዙሪቱን ይሰባብረዋል። ጫፋቸው ያልተደፈነ ቱቦዎችንም ድፈን፤ እንደ ዋሽንት ነው የሚነፉት።

ለበሩ ደግሞ የብር ኖት በጎማውና በበሩ መካከል አድርገህ ዝጋና ሳብ። ሳይይዝ ከወጣ ወይ ጎማው ተኝቷል ወይ በሩ ወርዷል፤ ጎማ ከመግዛትህ በፊት የመቆለፊያውን ጥርስ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገፋ አድርገህ ሞክረው። በሩን ስትፈታ ታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቡቲል እንዳትደፍናቸው።

ታፒሴሪ_በር

ዳገት ስለ አናት ካነሳ አይቀር፦ ቀድሞ የሬዲዮ አንቴና የነበረበት መኪና ከሆነ በጣሪያው ላይ የተረሳ ቀዳዳ ወይም የደረቀ ጎማ ይኖራል፤ የፖርቶመጋላው ብሎን የሚገባበትም እንደዚያው። ፎሙን ከመለጠፍህ በፊት አንድ ሰው ከላይ በጎማ ቱቦ 15 ደቂቃ ውኃ ያፍስስ፣ አንተ ውስጥ ሆነህ ባትሪ አብርተህ ጠርዝ ጠርዙን ተመልከት። አንዲት ጠብታ ካየህ መጀመሪያ እሷን ድፈን፤ ከፎሙ በስተጀርባ የገባ ውኃ የሚወጣው በሌላ ቦታ ነው፣ ቀዳዳውን ለማግኘት ሁሉን እንደገና ማውረድ ይመጣል።