ካርታ ላይ የመስመር ውፍረት ብቻ ቢለያይ ሰው የሚመርጠው መንገድ ይቀየራል? እንዴት ልፈትነው

ሰሊ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ መመረቂያዬን በካርታ ላይ ልሰራ አስቤ ነው እስኪ ሀሳብ ስጡኝ። ከአንድ ቦታ ሌላ ቦታ የሚያደርሱ ርቀታቸው እኩል የሆኑ ሁለት መንገዶች ያሉበት ካርታ እሰራለሁ፣ ከዛ በሁለት አይነት አወጣዋለሁ፣ በአንዱ ላይ የግራው መንገድ ትንሽ ወፈር ይላል በሌላው ደሞ የቀኙ፣ የቀረው ሁሉ አንድ ነው። ሰው ልዩነቱን ልብ ሳይለው ወደ ወፍራሙ ያደላል ወይ ነው ጥያቄዬ። ካርታው የከተማችን ሆኖ ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንና መናኸሪያ ጋ ያሉትን የባጃጅ ሹፌሮች ብጠይቅ ብዬ ነበር፣ አማካሪዬ ግን ብዙም አልተዋጠላትም። ምን ችግር አለው? ስንት ሰውስ ይበቃኛል?

ቀያሹ፦
ርዕሱ ደስ ይላል የኔ ልጅ፣ ግን አማካሪሽ ልክ ናት። የባጃጅ ሹፌር ካርታውን አያይልሽም፣ ኮብልስቶኑ የት ጋ እንደሚያልቅ ክረምት ላይ የቱ ጋ ጭቃ እንደሚይዝ ትራፊክ የት እንደሚቆም ያውቃል፣ መልሱን የሚሰጥሽ ከዛ ነው። አንቺ ግን መለካት የፈለግሽው መስመሩን ነው። ስለዚህ የሌለ ከተማ ፈጥረሽ ሳዪ፣ ስም አትስጪው፣ ሁለቱም መንገዶች መታጠፊያቸው እኩል ይሁን። በተለይ መነሻው ላይ ተጠንቀቂ፣ ሰው ካርታ ላይ ሲመርጥ ከመነሻው ረዘም ብሎ ቀጥ ወዳለው መንገድ እንደሚያደላ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጥናት ታይቷል፣ አንዱ ቶሎ ታጥፎ ሌላው ቀጥ ካለ ውፍረቱን ሳይሆን ያንን ነው የምትለኪው።

መንዜዋ፦
ቀያሹ ያሉት ትክክል ነው ግን ሹፌሮቹን ጭራሽ አትጣያቸው እህቴ። የለንደን የምድር ስር ባቡር ካርታ አለ አይደል፣ ሃሪ ቤክ የሳለውና እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው፣ መስመሮቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ ርቀቱ ግን ከመሬቱ ጋር የማይገናኝ። ዛን ጉዎ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ተሳፋሪው መንገድ ሲመርጥ ካርታው ከትክክለኛው የጉዞ ሰዓት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው የሚጫነው፣ በሳምንት አምስት ቀንና ከዛ በላይ የሚሳፈረው እንኳን ካርታውን ያምናል። እኔ እንደሚመስለኝ ምድር ስር በመስኮት የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው፣ እኛ ጋ ግን ዳገቱን እግርሽ ያውቀዋል። ስለዚህ ከተማውን የማያውቁ አዲስ ተማሪዎች አንድ ቡድን፣ ሹፌሮቹ ሌላ ቡድን ይሁኑና ለሁለቱም የከተማውን ካርታ ስጪ፣ የሌለውን ከተማ ደሞ ለብቻው። ካርታው የቱ ጋ ጉልበት እንደሚያጣ የምታዪው እዛ ላይ ነው፣ ለኔ ዋናው ግኝት እሱ ነው የሚሆነው።

ሌላው የሰሜን ነገር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ላይ እኩል ርዝመት ካላቸው መንገዶች ሰው በደቡብ የሚዞረውን ይመርጣል፣ ሰሜን ካርታው ላይ ከላይ ስለሆነ ዳገት ይመስለዋል። አስቡት እንግዲህ፣ ከጣርማበር ሸዋሮቢት ወደ ሰሜን ነው የሚኬደው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስተሽ 1,300 ገደማ ላይ ነው የምትወርጂው፣ ቁልቁለት በቁልቁለት! የኛ አገር ሰው ላይ ይሄ ነገር ይሰራ ይሆን ብሎ መፈተን በራሱ አንድ መመረቂያ ይወጣዋል። ላንቺ ግን መንገዶቹ ግራና ቀኝ ይሁኑ እንጂ አንዱ ላይ አንዱ ታች አይሁን።

ሰሊ ደብረ ብርሃን፦
ዋው በጣም አመሰግናለሁ! የሰሜኑን ፈፅሞ አላሰብኩትም ነበር። የሰው ቁጥሩስ? ደሞ ለአንድ ሰው ሁለቱንም ካርታ ባሳየው ቁጥሩ አይቀንስልኝም?

ቀያሹ፦
ሁለቱንም ካየ ልዩነቱን ይነቃበታል፣ አንድ ሰው አንድ ካርታ። የቱን እንደሚያገኝ ሳንቲም ወርውሪ፣ ፊቱን አይተሽ እንዳትመርጪለት። ቁጥሩ ልታዪው ባሰብሽው ልዩነት ይወሰናል፣ ግማሽ ግማሽ ይመርጡ የነበሩት በውፍረቱ ምክንያት በየካርታው ወፍራሙን የሚመርጡት 65 በመቶ ይሆናሉ ካልሽ በየካርታው 43 ሰው አካባቢ ያስፈልግሻል፣ 60 ብቻ ከሆነ 97 ይጠጋል፣ 70 ከሆነ ደሞ 24 ይበቃል፣ ይሄ በተለመደው 5 በመቶ ስህተት (ልዩነት ሳይኖር አለ የማለት ዕድል) እና 80 በመቶ ፓወር (ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል) ነው። ከቡድኑ ብዛት ጋር ስታባዢው ይከብዳል፣ ጊዜ ካጠረሽ የሌለውን ከተማ አስቀድሚ። ለምን መረጥክ የሚለውን ከመረጠ በኋላ ጠይቂ፣ ቀድመሽ ከጠየቅሽ ማሰብ ይጀምራል።

አንድ ነገር፣ ፎቶ ኮፒ አታስደርጊ። 0.5 ሚሊ ሜትርና 0.7 ሚሊ ሜትር መስመር ቀለሙ ባለቀ ማሽን ሲወጣ ቀጭኑ ይቆራረጣል ወይ ሁለቱም እኩል ይደማምቃሉ፣ ሁሉንም ከፋይሉ በአንድ ፕሪንተር አስወጪና ጥቂቶቹን በማጉያ መነጽር እያየሽ አመሳክሪያቸው።

ሰሊ ደብረ ብርሃን፦
እሺ ጋሼ እንደዛ አደርጋለሁ። የሌለውን ከተማ በዚህ ሳምንት ስዬ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ መንዜዋ መታጠፊያዎቹ እኩል መሆናቸውን አንቺ ብታዪልኝ ደስ ይለኛል።