አዲስ የካቲዲድ ዝርያ ለመግለጽ ምን ምን ያስፈልጋል?

ጤዛ_ላይ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አንቴናው ከሰውነቱ ስለሚረዝመው የሌሊት ፌንጣ ነው፤ ካቲዲድ እያልኩ እቀጥላለሁ። የወሎን ጤፍ የሚያጠቃው ደገዛም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በእጅ ያሉት ከደቡብ ምዕራቡ እርጥብ ደን የመጡ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ናቸው፤ ሦስቱም ክንፋቸው በጣም አጭር ነው። በመለያ ቁልፍ (ባሕርያትን ደረጃ በደረጃ እያነጻጸሩ ዝርያን በሚለዩበት መመሪያ) ስሄድ እስከ ወገኑ (ጂነስ) እደርሳለሁ፣ ዝርያው ላይ ግን መንገዱ ይቋረጣል። ድምፃቸውን በስልክ ስቀዳ ባዶ ነው። ሦስት ናሙና ይበቃል? ድምፅ አለመቀዳቱ አይዘፍኑም ማለት ነው? ስም የሚጸናውስ መቼ ነው? ሁለቱ ወንዶች እስካሁን በሕይወት አሉ።

ሞረድና_መስታወት

በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ አትግደላቸው፤ ግማሹ ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን ያልጎለመሱ ኩብኩባዎች አለመሆናቸውን አረጋግጥ። አጭር ክንፍ ሁለት ትርጉም አለው። በጎለመሰው ላይ የፊት ክንፍ የኋላውን ይሸፍናል። በመጨረሻዎቹ የዕድገት ደረጃዎች ላይ ባለ ኩብኩባ ግን የክንፍ እምቡጦቹ ይገለበጡና የኋላው ከላይ ይሆናል። በአሥር እጥፍ ሌንስ ከጎን ማየት ይበቃል። የኋላው ከላይ ከሆነ መልሰህ መግበው፣ ቆዳ ይቀይር። በኩብኩባ ላይ የተመሠረተ መግለጫ ለሚቀጥለው ሰው ራስ ምታት ነው።

ስለ ድምፁ፦ ስልክህ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ ነው የሚለካው። የሚይዘው የዚያን ግማሽ ነው፤ ከ22 እስከ 24 ኪሎኸርዝ። ኮሎምቢያ ውስጥ ከጎርጎና ደሴት እ.ኤ.አ. በ2010 የተገለጸው ኮፒፎራ ጎርጎነንሲስ የሚዘፍነው በ23 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፤ የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ ነው፣ ስልክም ጫፉ ላይ ይስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚያችው ደሴት የተገለጸው ሱፐርሶነስ ኤኮሬየስ ደግሞ እስከ 150 ኪሎኸርዝ ይወጣል። እሱም ክንፉ አጭር ነው፤ ለመብረር አይጠቅመውም፣ የቀረው ለድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንተ ዝምታ የመሣሪያው ሊሆን ይችላል።

በሰከንድ 384,000 የሚለካ የሌሊት ወፍ ማይክሮፎን ከላፕቶፕ ጋር ብታገናኝ እስከ 192 ኪሎኸርዝ ታያለህ። በ250,000 የሚለካ መሣሪያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ጣሪያው 125 ስለሆነ የ150 ኪሎኸርዝ ድምፅ ከፊቱ ማጣሪያ ከሌለ ታጥፎ 100 ላይ ይታያል፣ ሥዕሉም ንጹሕ ይመስላል። ከጠረጠርክ የመለኪያውን ፍጥነት ቀይረህ ድገመው። እውነተኛ ድምፅ ቦታውን አይለቅም፣ የታጠፈው ግን ይዘላል።

አቀዳዱ፦ ወንዱን በስስ የናይሎን መረብ ቤት ውስጥ አድርግ፤ ብርጭቆና ፕላስቲክ ድምፁን ይመልሳሉ። ማይክሮፎኑን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር አቅርበህ ርቀቱን ጻፍ፣ ምክንያቱም ከፍተኛ ድግግሞሽ በእርጥብ የደን አየር ውስጥ ቶሎ ይደክማል። ቴርሞሜትሩን ከነፍሳቱ አጠገብ አንጠልጥል እንጂ ከግድግዳው ላይ አታንብብ። ሲሞቅ ዘፈኑ ይፈጥናል፤ በ18 ዲግሪና በ25 ዲግሪ የተቀዱ ሁለት ወንዶችን ሙቀቱን ሳትጽፍ ብታወዳድር ሁለት ዝርያ ይመስሉሃል። ድምፁ ጣሪያ እስኪመታ ጌይን (የመቅጃውን ማጉያ) አትክፈት፣ የተቆረጠ ሞገድ የሌለ ሃርሞኒክ (ተደራቢ ከፍተኛ ድምፅ) ይፈጥራል። ከእያንዳንዱ ወንድ ቢያንስ አሥር ጥሪ ያዝ።

ከዚያ የተቀዳው ወንድና በመርፌ የሚወጋው ወንድ አንድ መሆናቸውን በቁጥር እሰር። ፋይሉ «ወንድ 1» እያለ መርፌው ላይ ቁጥር ከሌለ ያ ድምፅ የማንም አይደለም።

የሙዚየም_መሳቢያ

ከላይ በተባለው ላይ ስለ አገዳደሉ ልጨምር። መጀመሪያ ፎቶ፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከሆዱ በኩል፣ ከግራጫ ካርድ ጋር። አረንጓዴው በደረቀ ናሙና ላይ ወደ ገለባ ቀለም ይሄዳል፣ በአልኮል ውስጥ ደግሞ ይታጠባል። የዓይኑ ቀለምማ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። ከዚያ በማቀዝቀዣ ፍሪዘር ይገደል።

ወዲያው አንድ የኋላ እግር፣ የቀኙን፣ ቆርጠው በ96 በመቶ ኤታኖል ያስቀምጡ። የፊት እግር አይንኩ፤ ጆሮው ከጉልበቱ በታች እዚያ ላይ ነው፣ የቀዳዳው ቅርፅም ለመግለጫው ያስፈልጋል። ቀለም የገባበት የመደብር አልኮል አይሆንም፤ ካቲካላም አይሆንም።

ቅጠል በል ካቲዲድ አንጀቱ ትልቅ ነው፤ ካልወጣ ሆዱ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። በሆዱ መሐል በታች በኩል አጭር ስንጥቅ አድርገው በቀጭን መቆንጠጫ ይሳቡት፣ ውስጡን በጥጥ ጠርገው ትንሽ ጥጥ ይተኩ። የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ግን አይቁረጡ። ወንዱ የሚለየው በጭራው ነው፦ በሁለቱ ቆንጣጮች ጥምዝ፣ በጫፋቸው ጥርስ፣ ከሥር ባለው ሽፋን ስንጥቅ። ያ ከተበላሸ የቀረው ቆንጆ ፌንጣ ብቻ ነው።

መርፌው በአንገት ጋሻው በስተኋላ፣ ከመሐል መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ ይግባ። የግራውን የፊት ክንፍ ይዘርጉ። በካቲዲድ ግራው በቀኙ ላይ ይደርባል፤ ሞረዱ (ድምፅ ለማውጣት የሚፋተገው ባለ ጥርስ መስመር) ከግራው ክንፍ ሥር ነው፣ የሚፍቀው ጠርዝ በቀኙ ላይ ነው፣ መስታወት የሚባለው ስስ ሽፋንም በይበልጥ በቀኙ። ሳይዘረጋ ከደረቀ በእርጥብ አሸዋ ሳጥን ውስጥ እንደገና ማለስለስ ሊያስፈልግ ነው፣ አንዳንዴም ክንፉ ይቀደዳል። የሞረዱን ጥርስ ይቁጠሩ፣ ርዝመቱን በሚሊሜትር ይለኩ፣ መሐሉ ላይ በአንድ ሚሊሜትር ስንት ጥርስ እንዳለ ለየብቻ ይጻፉ፤ ዳርና ዳር ጥርሶቹ ይቀራረባሉና ጠቅላላ አማካይ ያሳስታል።

መለያ ወረቀት ላይ የእኛን ዘመን ብቻውን አይጻፉ። የውጭ ሰው «2017»ን በራሱ አቆጣጠር ያነብበዋል፣ ሰባት ስምንት ዓመትም ወደ ኋላ ይሄዳል። በፈረንጅ ቀን፣ ወሩን በሮማን ቁጥር፤ ከዚያ ኮኦርዲኔት፣ ከፍታ፣ የሰብሳቢ ስም፣ የተያዘበት ቅጠል ወይም ከመሬት ስንት ሜትር እንደነበር።

ጤዛ_ላይ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሴቲቱ ግን ከወንዶቹ ጋር በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ዛፍ ላይ ነው የተያዘችው። ይህ ለማጣመር አይበቃም? የዲኤንኤ ውጤት ከመጣ ደግሞ ድምፁ ላይ ይህን ያህል መድከም ያስፈልጋል?

ሞረድና_መስታወት

አንድ ዛፍ ማስረጃ አይደለም። በዝናብ ደን አንድ ዛፍ ላይ ብዙ ዓይነት ካቲዲድ ይውላል። በተለይ ቅጠል መሳይ ቡድኖች ላይ ወንድና ሴት በመጠንም በክንፍ ቅርፅም ስለሚራራቁ አንዱ ዝርያ ሁለት ስም ይዞ የኖረበት አለ። ስለዚህ የእሷንም እግር ላክ።

የሲኦአይ ባርኮድ (ዝርያ ለመለየት የሚነበብ የሚቶኮንድሪያ ጂን ቁራጭ) 658 ፊደል ነው፤ ሲመጣ ወደ አሚኖ አሲድ ተርጉመው። መሐሉ ላይ ማቆሚያ ኮዶን (የፕሮቲኑን ንባብ የሚያቋርጥ ምልክት) ከወጣ ያነበብከው ሚቶኮንድሪያው ሳይሆን ወደ ኒውክሊየስ የገባ የሞተ ቅጂ ነው። ፌንጣዎች ላይ ይህ የተለመደ ችግር ነው፤ ሳይጣራ ከገባ የሌለ ዝርያ ይወልዳል። ባርኮዱ ወንድና ሴቷን ያገናኝልሃል፣ ከዘመዶቹም ይለይልሃል፤ የሚቀጥለው ሰው ጫካ ውስጥ የሚያውቀው ግን በድምፁና በጭራው ነው። እኔ ብሆን ድምፅ ከሌለው የባርኮድ መግለጫ ድምፅ ያለውን ያለ ባርኮድ እመርጣለሁ። ሁለቱ ካሉ ግን ምን ክርክር አለ?

ስም_አውጪ

ስለ ስሙ። ከመሰየም በፊት የወገኑን ዝርያዎች በሙሉ በኦርቶፕቴራ ስፒሺስ ፋይል (የፌንጣና የዘመዶቹ ዝርያዎች የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ ተመልከት፤ የብዙዎቹ የሆሎታይፕ (ስሙ የሚታሰርበት አንድ ናሙና) ፎቶ አለ። የተጣሉ ስሞችንም ጭምር ተመልከት፣ «አዲሱ» ከእነሱ በአንዱ ተገልጾ ሊገኝ ይችላል።

ለእንስሳት ስም አወጣጥ ሕጉ አንድ ሆሎታይፕ ይበቃል፤ ስለዚህ ሦስት ናሙና አይከለክልህም። ሆሎታይፑ ወንድ ይሁን፣ ድምፁ የተቀዳው። ሁለተኛው ፓራታይፕ (ከሆሎታይፑ ጋር በመግለጫው የሚዘረዘር ተጨማሪ ናሙና) ይሆናል። ሴቲቱ በዲኤንኤ ካልተረጋገጠች ከፓራታይፕ ዝርዝር አውጣት፣ በጽሑፉ ውስጥ በጥርጣሬ ግለጻት። ገምጋሚ ግን የልዩነት ስፋት ይጠይቃል፤ ሁለት ወንድ ላይ «ቆንጣጩ ከዘመዱ በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ይረዝማል» ብትል አያልፍልህም። ቅርፅ ላይ ቁም።

ስሙ የሚጸናው ሲታተም ነው። ከ1999 በኋላ ለሚወጣ ስም አዲስ መሆኑ በግልጽ ሊባል፣ ሆሎታይፑ ሊለይ፣ የሚቀመጥበት ስብስብም ሊጠቀስ ግድ ነው። መጽሔቱ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ከ2012 ወዲህ ሥራው ከመውጣቱ በፊት በዙባንክ (የእንስሳት ስሞች ይፋዊ የኢንተርኔት መዝገብ) ተመዝግቦ ምዝገባው በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው።) ይህ ከቀረ ወረቀቱ አለ፣ ስሙ የለም። በመመረቂያ ጽሑፍና በቴሌግራም ስሙን አትርጭ፤ ያለ መግለጫ የተለቀቀ ስም ራቁቱን ይዞራል፣ ሌላ ሰው ለሌላ ነፍሳት ሊወስደውም ይችላል።

ቅጽል ከመረጥክ ከወገኑ ጾታ ጋር ይስማማ። ሱፐርሶነስ ወንዴ ስለሆነ ኤኮሬየስ ተባለ፣ «የባሕር» ለማለት፤ ወገኑ ሴቴ ቢሆን ኤኮሬያ ይሆን ነበር። በ-ኤንሲስ የሚያልቅ የቦታ ስም ለሁለቱም ስለማይለወጥ ኮፒፎራ ሴቴ ሆና እንኳ ጎርጎነንሲስ እንዳለ ቀረ። የቦታ ስም ስታወጣ ሆሄያቱን በላቲን አንድ ጊዜ ወስን፤ የእኛ ቦታዎች በሦስት ዓይነት ይጻፋሉ፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት አጻጻፍ ከወጣ ትክክለኛውን መምረጥ ለሌላ ሰው ይተርፋል።

የሙዚየም_መሳቢያ

እግሩ ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ የሚላክ ከሆነ ፖስታ ቤት ከመሄድዎ በፊት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ያነጋግሩ። የጄኔቲክ ሀብት ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይፈልጋል፤ መጽሔቶችም የፈቃዱን ቁጥር ይጠይቃሉ። ሆሎታይፑ አገር ውስጥ ቢቀር ይመረጣል፤ ግን ሳጥኑ በደንብ የሚገጥም ክዳን ይኑረው። የሙዚየም ጥንዚዛ እጭ ከገባ መጀመሪያ የሚበላው ለስላሳውን የሆድ ጫፍ ነው።