«ዳረጎት ይታሰብልዎታል» ማለት ምን ማለት ነው?

የሰፈር ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ በአንድ የግል ድርጅት በጽዳት 8 ዓመት ከ5 ወር ሠርታ ዘንድሮ 60 ሞላት። የደረሳት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «በአገልግሎት ዘመንዎ ልክ ዳረጎት ይታሰብልዎታል።» መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ጋ ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ «አሰቡልኝ ወይስ ሰጡኝ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እዚህ ላይ «ታሰበ» ምን ማለት ነው?

አባ ሆሄ፦
ልጄ፣ ሥሩን ያዝ። ሐሰበ በግእዝ ቆጠረ ነው። ባሕረ ሐሳብ ስንል ስለ ዘመን ቁጥር እንጂ ስለ ሐሳብ እያወራን አይደለም። እንግዲህ ተቆጥሮላቸዋል ማለት ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሐሰበ ግእዙም ላይ ሁለቱንም ነው፤ ቆጠረም፣ አሰበም። ቁልፉ ያለው ጅራቱ ላይ ይመስለኛል። ቢሮ ሄደህ «ይታሰብበታል» ካሉህ ጉዳይህ ገና ነው። «ይታሰብልሃል» ካሉህ በስምህ ተይዟል። ባንክ ደግሞ «ወለድ ይታሰብብሃል» ይልሃል፤ ያኔ ከፋዩ አንተ ነህ። በ እና ለ ብቻ ናቸው የሚለያዩት።

አባ ሆሄ፦
ቅኔ ቤት 9 ዓመት ተቀምጫለሁ። ያለ ሥር ጅራት የለም።

ሰዋስው ወዳድ፦
አልካድኩም የኔታ። ሴትየዋ የጠየቁት ግን ጅራቱን ነው።

ፔሮል፦
በየወሩ የደመወዝ ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝና ልግባ። እኛ ዘንድ «ታሰበ» ማለት «ተሰላ» ነው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሰፈረ እንጂ ብሩ አልወጣም። ከዚያ ይጸድቃል፣ ቀጥሎ ይከፈላል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ቃል ነው። 60 ሲሞላው 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የሚያገኘው የጡረታ አበል ነው፤ በየወሩ፣ ዕድሜ ልኩን። 10 ዓመት ካልሞላ ዳረጎት ነው፤ አንዴ ተሰጥቶ ያበቃል። እናትህ 19 ወር ነው የጎደላቸው።

የሰፈር ልጅ፦
19 ወር? ይህን አላወቅንም ነበር። የቀጠራት ሰውም አልነገራት።

የጎጃሙ፦
ዳረጎት ስትሉ ልጅነቴ መጣብኝ። ቆሎ ተማሪ ሳለን ዝክር በተዘከረ ቁጥር ድርሻችንን ዳቦ በነጠላ ጫፍ ቋጥረን እንመለስ ነበር። እሱን ነበር ዳረጎት የምንለው። እኔ እንደሚመስለኝ ከ«ደርግ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ አብሮ መሆን፣ አብሮ መካፈል።

አባ ሆሄ፦
ደርግ ጉባኤ ነው። ዳረጎትን ከ«ድርጎ» ጋር አያይዘው፤ ቤተ መንግሥት ለእንግዳ ይታዘዝ የነበረው ስንቅ። በእኔ እይታ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው።

የጎጃሙ፦
ድርጎ ለእንግዳ ነው የኔታ። እኛ እንግዳ አልነበርንም፤ አገልጋዮች ነበርን። ድርሻችን ነበር የሚሰጠን።

የሰፈር ልጅ፦
ይቺን «ድርሻ» ያዙልኝ። ዛሬ ሰው ዳረጎት ሲል «ዳረጎት ወረወሩለት» ነው የሚለው። ምጽዋት ነው የሚመስለው። እናቴ የደመወዝ ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ አልጋ ሥር አኑራለች። ትናንት አብረን ዘረዘርናቸው። የመጨረሻው ደመወዟ 4,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ለጡረታ 7 በመቶ፣ 280 ብር በየወሩ ተቆርጧል። የአሠሪው 11 በመቶ 440 ብር ነው። በወር 720 ብር በስሟ ገብቷል ማለት ነው። ይህ እንዴት ዳረጎት ይባላል?

ፔሮል፦
እውነትህን ነው። የሕግ ቃል ሆኖ ነው እንጂ ለሰው ጆሮ ከባድ ነው።

ጥንተ ነገር፦
ከዳረጎት በፊት «ጡረታ»ን እንይ። ከ«ጦር» ይመስለኛል የመጣው። ጦር ሜዳ ውሎ ያረጀ ሰው ነበር መጀመሪያ የሚጦረው።

አባ ሆሄ፦
አይደለም! ጾረ፣ ተሸከመ። ጸ ወደ ጠ ዞሮ ጦረ ሆነ። «ጧሪ ቀባሪ አትጣ» ብለን ስንመርቅ ጦር እንመርቃለን? ጧሪ የሚሸከምህ ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
እዚህ ላይ ከየኔታ ጋር ነኝ። ጧሪ ልጅ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛን በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209 ሕግ ጧሪ ሆነው። የግል ሠራተኛ ግን 2003 ዓ.ም. ላይ አዋጅ ቁጥር 715 እስኪወጣ ፕሮቪደንት (ከአሠሪው ጋር የሚያጠራቅመው የቁጠባ ገንዘብ) ካለው እሱን፣ ከሌለው ልጁን ነበር የሚጠብቀው። ፕሮቪደንት የሚለው የፈረንጅ ቃል ራሱ «አርቆ ማሰብ» ነው። ተመልሰን «ታሰበ» ላይ መጣን።

ጥንተ ነገር፦
የጦሩን ነገር ግን አልተውኩትም። ማስረጃ ይዤ እመለሳለሁ።

የሰፈር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ለእናቴ አነበብኩላት። ጾረ የሚለውን ወደደችው፤ «እኔም ስንቱን ተሸክሜ የለ» አለች። ነገ ጠዋት ፌስታሉን ይዘን ቢሮው እንሄዳለን። «ይታሰብልዎታል» የሚለውን «ይከፈልዎታል» ብለው ከነቀኑ እንዲጽፉላት ትጠይቃለች። 5 ወሩስ? ይታሰባል ወይስ ይቀራል? ፔሮል፣ አለህ?

የጎጃሙ፦
ፔሮል እስኪመጣ፣ የኔታ፣ የዳረጎት ብዙ ቁጥር ዳረጎታት ነው ወይስ ዳረጎቶች?