ምክር ቤቱ ምርምርን ይቆጣጠር ወይስ ለባለሙያው ይተወው?

የዛሬ ማታ ክርክር ይኸው። የተወካዮች ምክር ቤት በመንግሥት የምርምር ሥራ ላይ የበለጠ ይጥበቅ ወይስ እጁን ይሰብስብ? እኛ ጅማ ያለን ሰዎች ዩኒቨርሲቲውም የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከልም ደጃችን ናቸው፤ ዝም ማለት አያምርብንም። ተከራካሪዎቹን በየመጡበት ጠርተናቸዋል።

የሂርማታው፦ ይጥበቅ እንጂ! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይቀር ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ገንዘቡ የእኛ ግብር ነው። ስንቱ ጥናት ነው መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው?

የጅሬኗ፦ ወንድሜ፣ ማን አይጠየቅ አለ? በምን ይለካ ነው ጭቅጭቁ። 74110 የሚባለውን፣ ፍሬ የሚያጠቁረውን በሽታ የሚቋቋም የቡና ዝርያ ውሰድ። በሽታው እዚህ አገር የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በስሙ መጀመሪያ ያለው 74 እናት ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፤ ለገበሬ የደረሰው በ1979። በ1976 ኮሚቴ መጥቶ «ውጤታችሁ የታለ?» ቢል ምን ይባል ነበር?

የሂርማታው፦ «ችግኙ እያደገ ነው» ይባላላ! እሱን መስማት ምን ይጎዳል?

ከላብራቶሪ፦ መስማትማ ባልጎዳ። እኔ በሠራሁበት ግቢ (ስሙ ይቅር) እንግዳ ሊመጣ ሲል ኮሪደሩ ቀለም ተቀባ፣ ነጭ ጋዋን ታደለ። ናሙና የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ግን በአንድ ዕቃ እጦት ከቆመ ወራት አልፎታል። እንግዶቹ የጠየቁት የበጀት አፈጻጸም ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። በሩን ከፍቶ ያየ የለም። ያሳየናቸውም የለንም፣ እውነቱን ለመናገር።

የጅሬኗ፦ ይኸው! በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ችግኝ የሚተከለው ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ዝናብ ነው። ብሩ እንዳይመለስ ተብሎ ሰኔ ላይ ወንበር ይገዛል፣ ችግኙን ለሚተክለው ጉልበት ሠራተኛ የሚከፈል ግን የለም።

ጋሼ ከጎማ፦ ልጆች፣ እኔ ቡና ተካይ ነኝ። 74110 አጭር ነው፣ ልጅም ይለቅመዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ኮሚቴው አዳራሽ ገብቶ ስላይድ ከሚያይ ማሳዬ ይምጣና ችግኙ በስንት ዓመት እጄ እንደገባ ይጠይቀኝ።

የሂርማታው፦ ጋሼ ልክ ነዎት። እሺ፣ በጀቱ የሦስት ዓመት ይሁን፤ በየዓመቱ ግን የከሸፈውም ተጽፎ ለምክር ቤቱ ይቅረብ።

ከላብራቶሪ፦ የከሸፈውን መጀመሪያ የጻፈው በጀቱ እንዳይቆረጥበት ዋስ የሚሆነው ማነው?