ዲሲ፦ በቤት በጀት ላይ ካውንስሉ ፊት ልናገር ነው፣ እርዱኝ

ጥያቄ፦ ከኮሎምቢያ ሃይትስ ተከራይ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዋሽንግተን ዲሲ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው የምኖረው። አብዛኛው ተከራይ ሐበሻና ላቲኖ ነው። አንድ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሕንፃውን ገዝቶ ሊያድሰው፣ ኪራዩንም እንደ አቅማችን ሊያደርገው ይፈልጋል። ገንዘቡ ግን ከከተማው የቤቶች ፈንድ ካልተገኘ አይሆንም ተባልን። ካውንስሉ (የከተማው ምክር ቤት) በቅርቡ በቤት በጀት ላይ ሕዝብ ይሰማል። ጎረቤቶቼ «አንቺ ሂጂልን» አሉኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ያህል ነው፤ እዚያ ቆሜ ለመናገር ይከብደኛል። ያለኝም ግሪን ካርድ ነው። መናገር እችላለሁ? ብናገርስ የሚሰማኝ አለ?

መልስ፦ የተከራዮች ማኅበር አባል
እህቴ፣ በደንብ ትችያለሽ። ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። ከመሄድሽ በፊት ግን ማን ምን እንደሚወስን ለይተሽ እወቂ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ጊዜውን የሚያባክነው።

ፈንዱ ሃውዚንግ ፕሮዳክሽን ትረስት ፈንድ ይባላል። የተለመደው ምንጩ ከንብረት ሽያጭና ዝውውር ከሚሰበሰበው ግብር ውስጥ 15 በመቶው ነው። የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀንሳል። ስለዚህ ከንቲባዋና ካውንስሉ በየዓመቱ ምን ያህል ይጨምሩበታል የሚለው ትልቅ ነገር ነው። በጀቱን ከንቲባዋ ታቀርባለች፣ 13ቱ የካውንስል አባላት አሻሽለው ያጸድቃሉ። የትኛው ሕንፃ ብድር ያግኝ የሚለውን ግን በውድድር የሚመርጠው የከተማው የቤቶች መሥሪያ ቤት ነው። ካውንስሉን «ለእኛ ሕንፃ ስጡ» ብትዪ ከንፈር መጥጠው ያልፉሻል። «ለፈንዱ ይህን ያህል መድቡ» በዪ።

ሌላም አለ። ሕጉ ከፈንዱ ትልቅ ድርሻ ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 30 በመቶና ከዚያ በታች ለሆነ ቤተሰቦች እንዲውል ያዛል። ይህ ሳይፈጸም የቀረባቸው ዓመታት እንዳሉ ኦዲተሮችም ጽፈዋል። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ ፈንዱ ቤቱን ይሠራል፣ ያድሳል እንጂ የወር ኪራይ አይደጉምም። ዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚከፍለው ኪራይ ደግሞ የሕንፃውን ወጪ አይሸፍንም። ክፍተቱን የሚሞላው የከተማው የኪራይ ድጎማ ፕሮግራም ነው። ሁለቱንም አብረሽ ጠይቂ። አንዱ ብቻ ከመጣ ቤቱ ይታደስና እናንተ ትወጣላችሁ።

መልስ፦ አስተርጓሚ ነኝ
በቋንቋው አትጨነቂ። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለካውንስሉ ስብሰባም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ስትመዘገቢ ወዲያው ጠይቂ፤ የመጨረሻ ቀን ላይ ከሆነ ሰው አይገኝም። ስትናገሪም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብለሽ ቆም በይ። ሰው በስሜት አምስት ደቂቃ ሲናገር አስተርጓሚው ሁለት መስመር ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ያሳዝናል። የጽሑፍ አስተያየትም ይቀበላሉ። የማይመቻቸው ጎረቤቶችሽ በዚያ ይላኩ።

መልስ፦ ታክሲ ነጂው
እኔ ትንሽ የምለየው አለኝ። በበጀት ስብሰባው ቀን ብዙው ነገር አልቆ ነው የሚጠብቅሽ። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል፣ ድርድሩ ግን በአሜሪካው ፀደይ፣ ከማርች እስከ ጁን አካባቢ ነው። ከወዲሁ የዋርድሽ (የምርጫ ክልልሽ) የካውንስል አባል ቢሮ ደውይና ከሠራተኞቹ ጋር ቀጠሮ ያዢ። ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ። የሰፈራችሁን ኤኤንሲም (ነዋሪው የሚመርጠው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው) አትርሺ። አንድ ኮሚሽነር የሚወክለው ወደ 2,000 ሰው ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ታገኚዋለሽ። ኤኤንሲው በድምፅ ወስኖ ደብዳቤ ከጻፈ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ትልቅ ክብደት እንዲሰጡት ሕግ ያስገድዳቸዋል።

መልስ፦ የተከራዮች ማኅበር አባል
ወንድሜ ያለው ልክ ነው፣ ስብሰባውን ግን አትተዪው። የተባለው ሁሉ መዝገብ ላይ ይገባል፤ ቢሮ ስትሄዱም «በዚያ ቀን የተናገርኩት እኔ ነኝ» ብለሽ ትጀምሪያለሽ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እንዲህ ጻፍኩ፤ እዩልኝ፦ «የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ እያመሰገንኩ፣ በከተማችን የመኖሪያ ቤት ችግር እጅግ አሳሳቢ ደረጃ ላይ መድረሱ ይታወቃል…»

መልስ፦ የተከራዮች ማኅበር አባል
እህቴ፣ ያለሽ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ይህ መግቢያ ይበላብሻል። ችግሩን እነሱም ያውቁታል። የማያውቁት ያንቺን ቤት ነው። እንዲህ በዪ፦ «ዋርድ 1 ነው የምኖረው። ከሁለት ልጆቼ ጋር አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነኝ። የልጄ አልጋ ያለበት ግድግዳ ሻግቷል። በብርድ ጊዜ ማሞቂያው ሲጠፋ የምድጃውን እሳት አብርተን እንሞቃለን። ከደመወዜ ከግማሽ በላዩ ለኪራይ ይሄዳል። ለትረስት ፈንዱና ለኪራይ ድጎማው የተያዘውን ገንዘብ እንዳትቀንሱ፣ ሕጉ የሚያዘው ድርሻም ለእኛ ዓይነት ቤተሰቦች እንዲውል እጠይቃለሁ።» የራስሽን እውነት አስገቢበት፣ ያልሆነውን አውጪው። ጮክ ብለሽ ሰዓት ይዘሽ አንብቢ። በአስተርጓሚ ከሆነ ጊዜ ይጨመር እንደሆነ ስትመዘገቢ ጠይቂ።

መልስ፦ አስተርጓሚ ነኝ
የጎረቤቶችሽን ጽሑፍ በአማርኛ ላኪልኝ፣ ወደ እንግሊዝኛ በነፃ እመልሰዋለሁ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይጻፍ። አንዱን ወረቀት ሁላችሁም ፈርማችሁ ከምትልኩት ይሻላል።