የነዋሪዎች የጋራ ክፍል ተሰጥቶን ሰው አይመጣም፣ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እስኪ ሀሳብ ስጡኝ። ሰፈራችን ኑሮ የከበደበት ነው፣ ቤቱ ሁሉ ጠባብ፣ ልጅ የሚያጠናበት ጥግ እንኳን የለም። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ለነዋሪው አንድ ሰፊ ክፍል ተሰጠን፣ ቀለም ተቀባ ወንበር ገባ፣ የምርቃቱ ቀን ሰው ጢም ብሎ ነበር። አሁን ሶስት ወር ሆነው፣ ከሰዓት አምስት ስድስት ጎረምሶች ኳስ ያዩበታል ከዛ ውጪ ዝግ ነው፣ እናቶች ጭራሽ ብቅ አይሉም፣ ቁልፉም አንድ ሰው ጋ ነው ያለው እሱ ከሌለ በቃ የለም። ጎረምሶቹ ይውጡ የሚሉ አሉ፣ እኔ እንጃ።

መልስ 1፦ ችግራችሁ ቁልፉ ነው ባክህ። ሰው ሁለቴ መጥቶ ዝግ ካገኘው ሶስተኛ አይመጣም። እኛ ለሶስት ሰው ቁልፍ አስቀርፀን የሚከፈትበትን ሰዓት በሩ ላይ በትልቁ ለጠፍን፣ ሰው ኖረም አልኖረም በሰዓቱ ይከፈታል። መጀመሪያ አካባቢ ባዶ ክፍል ስንጠብቅ ነው የከረምነው፣ አልዋሽም ይሰለቻል።

መልስ 2፦ ጎረምሶቹን አስወጥታችሁ የት ሊሄዱ ነው? እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው ኤሊኖር ኦስትሮም መስኖና የግጦሽ መሬት በጋራ የሚጠቀሙ ሰዎችን አጥንታ ነበር፣ እንደሷ ከሆነ የሚዘልቁት ህጉን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሲያወጡትና ቅጣቱም ከቀላል ሲጀምር ነው። ክፍልና መስኖ አንድ አይደለም፣ ግን ልጆቹ ህጉ ሲወጣ ይቀመጡ፣ አንዱም ቁልፍ ይያዝ።

ጠያቂ፦ ቁልፍ ለጎረምሳ? ሽማግሌዎቹ ይገሉኛል ሃሃሃ። የመብራቱስ ሂሳብ?

መልስ 1፦ ለግል ድግስ ለሚፈልግ አከራዩት፣ የቀረው ጊዜ በነፃ። መግቢያ ብር ከጠየቃችሁ ግን አለቀላችሁ፣ የተሰራለት ሰው ነው መጀመሪያ የሚቀረው።

መልስ 3፦ እኔ እናት ነኝ፣ ለምን እንደማንመጣ ልንገርህ ወንድሜ። ህፃኑን የት ላስቀምጠው? ሽንት ቤቱ ከውስጥ ይዘጋል? ሲመሽ መንገዱ ላይ መብራት አለ? ቺካጎ ውስጥ ጄን አዳምስና ጓደኛዋ ስደተኛ በበዛበት ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1889 ሀል ሀውስ የሚባለውን የሰፈሩ ሰው መገልገያ ቤት ሲከፍቱ ከመጀመሪያ ስራዎቻቸው አንዱ መዋእለ ህፃናት ነበር፣ ገብቷቸዋል። ስብሰባ አትጥራ፣ ስብሰባ ላይ ማንም ስለ ሽንት ቤት አያወራም፣ ቤት ለቤት ሂድና ጠይቅ።

ጠያቂ፦ እህቴ፣ አሁን ሄጄ አየሁት። በሩ መቀርቀሪያ የለውም። ሶስት ወር ሙሉ እኔም ሌላውም ልብ አላልነውም። ነገ አስገጥማለሁ ከዛ ቤት ለቤት እዞራለሁ።