ለ6 ወር ልጅ ምግብ፣ ኪስ በማይጎዳ ዋጋ

የቆጪዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 6 ወር ሊሞላት ነው፣ ምግብ ላስጀምራት ነው። የታሸገው ዋጋው አይቀመስም። አማቴ ደግሞ አስራ ሁለት ዓይነት እህል ካልተቀላቀለ ልጅ አይጠነክርም ብለው ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ማሽላ እያሉ ይቆጥሩልኛል፤ ሐሙስ ሄርማታ ገበያ ወጥቼ ሁሉንም ልግዛ ብል የወሩ አስቤዛ እዚያው ማለቁ ነው። ጅማ ያላችሁ ምን ትሰራላችሁ?

የመንትዮች እናት፦
እህቴ፣ አማትሽን ሳታስቀይሚ ቀንሺው። ቁም ነገሩ የእህሉ ብዛት አይደለም። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ፣ በቃ። እኔ በቆሎና ገብስ ከሽምብራ ጋር ነው የማስፈጨው። ሽምብራውን ቆላ አድርጌ እከካለሁ፣ ገለባውን አነፍሳለሁ። ወፍጮ ቤት ግን ቆመሽ አስፈጪ፣ በርበሬ የተፈጨበት ላይ እንዳይጨምሩብሽ! እዚህ ዝናቡ አያባራም፣ ዱቄት እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ነው የሚፈጨው። የሻገተ በቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ካየሽ ጣዪው፤ የሻጋታው መርዝ ቢቀቀልም አይጠፋም።

ጤና ጣቢያ ሰራተኛ፦
ትክክል ነው። እኔን የሚያናድደኝ ቀጭን አጥሚት በጡጦ ነው። ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት አይሆንም። ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል የማይፈስ ይሁን። ለመዋጥ ከከበዳት ትንሽ የብቅል ዱቄት ጨምሪና መልሰሽ አንተክትኪው፣ ውሃ ሳይጨመር ይላላል። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በሁለት ሦስት ማንኪያ ጀምረሽ እያሳደግሽ፤ ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ጨውና ስኳር አያስፈልጋትም። ማርም እስከ 1 ዓመት የለም፣ የጌራ ማር ቢሆንም! ጅማ ነን ብላችሁ ደግሞ ቡና አታቅምሷት፣ ሻይም እንደዚያው፣ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋሉ።

አባ ጫላ፦
ወንድ ምን አገባው እንዳትሉኝ እንጂ፣ አቮካዶ በየጓሮው እየረገፈ ፓኬት ፍለጋ መዞር ይገርመኛል። በሹካ ድፍጥጥ አድርጎ በጡት ወተት ማላላት ነው። የበሰለ ሙዝም፣ ፓፓያም። ስኳር ድንች ሲቀቀልማ ማሻአላህ፣ ልጄ ሳህኑን አይለቅም።

የቆጪዋ እናት፦
ኧረ ተባረኩ! እንቁላልስ? አስኳሉን ብቻ ነው የሚሉኝ።

ጤና ጣቢያ ሰራተኛ፦
ነጩም ይሰጣል፣ ጥሩ አድርጎ መቀቀል ነው። አዲስ ምግብ ሁሉ ለየብቻው፣ በትንሹ፣ ጠዋት ላይ ጀምሪላት፤ ሽፍታ ወይም ትውከት ካየሽ አቁሚና ወደ ጤና ጣቢያ ነይ፣ ፊቷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ወዲያውኑ። ጉበት ስታገኚም በደንብ አብስለሽ ፈጭተሽ ገንፎው ላይ ጣል አድርጊ፣ አንድ ማንኪያ ይበቃል፣ ግን በየቀኑ አይሁን።